ባለቤቱ ያልተጠራበት ጉባኤ

የሙያ ማኅበራት የሚያወጡት መግለጫ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ሲተች እምብዛም አይታይም። መግለጫ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ይረሳል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጽሑፍ ግን ይህ ዕጣ አልደረሰበትም። ዘጠና አምስት አንቀጾች ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ አይደለም፤ ግጥም አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ ልብ ወለዶች ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል፤ ሰዎች ኖረውበታል። በስሙ ሠፈር ፈርሷል፣ በስሙ ሠፈር ተሠርቷል። «የአቴንስ ቻርተር» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የመጽሐፉ ባለቤት «የዘመናዊ ኪነ ሕንጻ ዓለም አቀፍ ጉባኤ» የተባለው፣ በፈረንሳይኛ ምሕጻረ ቃሉ «ሲያም» እየተባለ የሚታወቀው የአርክቴክቶች ማኅበር ነው። በ1928 በስዊዘርላንድ፣ ላ ሳራ በሚባል ሥፍራ በአንድ የጥንት ግንብ ውስጥ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ስሙ በስፋት የሚታወቀው ለ ኮርቡዚዬ ሲሆን፣ ዋና ጸሐፊው ስዊሳዊው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ዚግፍሪድ ጊዲዮን ነበር። ሰዎቹ የተሰበሰቡት ለቅንጦት አልነበረም። በአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች ሠራተኛው በጢስ በታፈነ መንደር፣ ፀሐይ በማያውቀው ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ይኖር ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳም የድሃ ሠፈር የዘወትር እንግዳ ነበር። ማኅበሩ በ1929 ፍራንክፈርት ላይ ባካሄደው ሁለተኛ ጉባኤው የተወያየው ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ቢያንስ ምን ዓይነት ቤት ይበቃዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም።

አራተኛው ጉባኤ በሞስኮ ሊካሄድ ታስቦ ነበር። ያ ሳይሆን ሲቀር፣ ተሰብሳቢዎቹ በ1933 ሐምሌ መጨረሻ ላይ «ፓትሪስ 2ኛ» በተባለች መርከብ ከማርሴይ ተነሥተው ወደ አቴንስ ቀዘፉ። የ33 ከተሞችን ካርታ ይዘዋል። ካርታዎቹ በሆላንዳዊው በኮርኔሊስ ቫን ኤስቴረን መሪነት፣ በአንድ ዓይነት ምልክትና ልኬት የተዘጋጁ ስለነበሩ ከተማን ከከተማ ማነጻጸር ያስችሉ ነበር። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ይሁንና ተሰብሳቢዎቹ በአንድ ቃል ሊስማሙ አልቻሉም። ከመርከቧ የወጣውም «ይህን ይህን አይተናል» የሚል፣ ጥንቃቄ የተመላበት የትዝብት ዝርዝር ነበር።

መጽሐፉ የታተመው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ሳለች ነው። አዘጋጁ ለ ኮርቡዚዬ ነበር፤ የወጣው ግን በራሱ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ የመጽሐፉ ዋነኛ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። በመርከቧ ላይ «አይተናል» የነበረው ግሥ በመጽሐፉ ውስጥ «መሆን አለበት»፣ «ይከልከል»፣ «ይወሰን» ሆኗል። ትዝብቱ ትእዛዝ ሆነ። ግሥ ሲለወጥ ደግሞ የሚለወጠው ሰዋስው ብቻ አይደለም።

ትእዛዞቹ ምንድን ናቸው? ከተማ አራት ተግባራት አሉት ይላል፤ መኖር፣ መሥራት፣ መዝናናትና መጓጓዝ። ለእያንዳንዱ የየራሱ ሥፍራ ይከለልለት። እያንዳንዱ መኖሪያ በቀን የተወሰነ ሰዓት ፀሐይ እንዲያገኝ ይደንገግ። በ27ኛው አንቀጽ መኖሪያ ቤቶች በመጓጓዣ መንገድ ዳር እንዳይደረደሩ ይከለከላል። ረጃጅም ሕንጻዎች ተራርቀው ይቁሙ፤ መሬቱም ለአረንጓዴ ሥፍራ ነጻ ይሁን።

በዚህ ላይ መቀለድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀልድም። ፀሐይን የሕግ ጉዳይ ማድረግ ትልቅ ሐሳብ ነው። ብርሃን የሀብታም ግቢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ቤት መብት ይሁን ማለት ነውና። በሽታውን የመረመሩት በሚገባ ነው። ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒቱ ሲታዘዝ፣ በሽተኛው ከክፍሉ እንዲወጣ መደረጉ ላይ ነው።

መጽሐፉን በእርሳስ እያሰመርሁ ሳነብ ሰው ፈለግሁ። «ሰው» የሚለውን ቃል ማለቴ አይደለም፤ እርሱማ ሞልቷል። አሮጊት፣ ሕፃን፣ ነጋዴ፣ ተከራይ፣ ሐዘንተኛ ነው የፈለግሁት። አላገኘሁም። የቻርተሩ ነዋሪ ይተኛል፣ ይሠራል፣ ይዝናናል፣ ይጓጓዛል። ጎረቤት የለውም፤ አይጣላም፣ አይታረቅም። ለቅሶ ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልበት ቦታ አልተሰጠውም። እስቲ አንዲት የጉሊት ሻጭ ከደጃፏ ሥር ተቀምጣ እናስባት። ልጇን እያጠባች ሽንኩርት ትመድባለች፤ ከጎረቤቷ ጋር ቡና ትጠጣለች፤ አላፊ አግዳሚው በፊቷ ያልፋል። አራቱን ተግባራት በሁለት ክንድ መሬት ላይ አንድ አድርጋቸዋለች። በቻርተሩ ዓይን ግን ይህች ሴት የከተማ ጉድለት ናት። የምትቀመጥበት የመንገድ ዳር ቤት በ27ኛው አንቀጽ ተከልክሏል።

የመጨረሻው፣ 95ኛው አንቀጽ የግል ጥቅም ለጋራ ጥቅም ይገዛል ይላል። ማን ይቃወመዋል? ግን ለመሆኑ ስለ ጋራው የሚናገረው ማን ነው? መጽሐፉ አይመልስም። ለ ኮርቡዚዬ ግን በሌላ ቦታ መልሶታል፤ በ1935 ያሳተመውን «አንጸባራቂዋ ከተማ» የተሰኘ መጽሐፉን መታሰቢያነት የሰጠው ለሥልጣን ነው። የማን ሥልጣን? ይህን አልገለጸም። በዓመቱ ግን መልሱ ወደ እኛ አገር መጣ። በ1936 አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን እጅ በወደቀች በወራት ውስጥ ይኸው ሰው የከተማዋን ንድፍ በራሱ ተነሣሽነት አዘጋጅቶ ለጣሊያን ባለሥልጣን ላከ። ከተማዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ንድፉ አንድ ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ያሰምርና የነበረውን ሠፈር፣ ገበያና ሰው ባዶ ወረቀት ያደርገዋል። ይህ የማኅበሩ ውሳኔ አልነበረም፤ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሆኖም በኋላ የማኅበሩን ቻርተር የጻፈው ያው እጅ ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ።

ጣሊያኖቹ ንድፉን አልተቀበሉትም፤ የራሳቸውን ሰዎች፣ ኢኛሲዮ ጊዲንና ቼዛሬ ቫሌን መረጡ። የእነርሱም ፕላን ነጩን ከአገሬው ሰው የሚለይ ነበር። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ዛሬ መርካቶ የምንለው እርሱ ነው። ለመለያየት የተሰመረው ሥፍራ መኖር፣ መሥራት፣ መዝናናትና መጓጓዝ ተደባልቀው የሚውሉበት ሆኖ ቀረ። ፕላኑን ነዋሪው በራሱ መንገድ አርሞታል።

የማኅበሩ ወጣቶች ይህን ጉድለት አላጡትም። በ1953 በፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በተካሄደው ዘጠነኛ ጉባኤ እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት አሊሰንና ፒተር ስሚዝሰን የለንደን ድሃ ሠፈር ሕፃናት መንገድ ላይ ሲጫወቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሰቀሉ። ከካዛብላንካና ከአልጀርስ የመጡት ደግሞ በቆርቆሮ የተሠሩ መንደሮችን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትምህርት አቀረቡ። ሆላንዳዊው አልዶ ቫን አይክ ከ1947 ጀምሮ በሠላሳ ዓመት ያህል ውስጥ አምስተርዳም ባሉ ክፍት ቦታዎች ላይ ከ700 በላይ የሕፃናት መጫወቻዎች ሠርቷል፤ አሸዋና የብረት ዘንግ ብዙውን ይበቃው ነበር። ለ ኮርቡዚዬ በ1956 በዱብሮቭኒክ ወደተካሄደው አሥረኛ ጉባኤ አልሄደም፤ ተራው የወጣቶቹ ነው የሚል ደብዳቤ ላከ። በ1959 ሆላንድ ውስጥ ኦተርሎ ላይ የተገናኙት ማኅበሩን ራሱን አፈረሱት። የገዛ ማኅበሩን በጉባኤ የሚቀብር የሙያ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ለዚህ ክብር ይገባቸዋል።

ግን ዐመፀኞቹም ቢሆኑ በነዋሪው ስም መናገር አላቆሙም። ካዛብላንካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው «የንብ ቀፎ» የተባለ ሕንጻ፣ የአገሩ ሰው ግቢ ይወዳል ተብሎ ለእያንዳንዱ ቤት በፎቅ ላይ ግቢ ተሰጥቶት ነበር። ነዋሪዎቹ ከጊዜ በኋላ ግቢዎቹን በግንብ ዘግተው ክፍል አደረጓቸው። ስለዚህ ሕንጻ ከተሰጡት ሂሶች ሁሉ እኔ የማከብረው ይህንን ነው፤ በጡብ የተጻፈ ነውና።

ከሲያም የተለየውና እስከ ዛሬ ያለው ዓለም አቀፍ የአርክቴክቶች ኅብረት በ1948 በሎዛን ተመሥርቷል። ኅብረቱ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ በ1984 የሸለመው ግብጻዊውን ሐሰን ፈትሒን ነው። ፈትሒ በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርና የተባለችውን መንደር በጭቃ ጡብ፣ በአገሬው ግንበኞች እጅ የሠራ፣ ድሃውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። ይሁንና መንደሯ የተሠራችው መንግሥት ገበሬዎቹን ከጥንት መቃብሮች አካባቢ ለማንሣት ስለወሰነ ነው፤ ብዙዎቹም አንሄድም አሉ። ቤቱ ያማረ ነበር። ያልተጠየቀው ግን «ትሄዳላችሁ ወይ?» የሚለው ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመሩት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ንድፍ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት ነበረው። ይህን ያሰበ ሰው ከቻርተሩ አንድ እርምጃ አልፏል። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደው ሰው ግን ባለ ፀሐይ ቤት አግኝቶ እድሩንና ደንበኛውን ያጣበት ጊዜ አለ። በ2024 ፒያሳ ሲፈርስም ብዙ የተወራው ስለ ሕንጻዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ከሕንጻዎቹ ጋር ስለ ፈረሰው ጉርብትና ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ የኪነ ሕንጻ ተማሪዎቻችን «የአቴንስ ቻርተር»ን እንዲጥሉት አልመክርም። ያንብቡት፤ ስለ ፀሐይ የተጻፈውንም ይያዙት። ነገር ግን «መሆን አለበት» የሚል አንቀጽ በገጠማቸው ቁጥር ቆም ብለው «ማን አለ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካርታውን የያዘው ሰው ብቻ ከሆነ፣ አንቀጹ ገና አላለቀም ማለት ነው።