በእልልታ የታፈነ ሙሾ

«ዊክድ» የተባለው የሙዚቃ ተውኔት በኒውዮርክ ብሮድዌይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዜማውንና ግጥሙን እስቲቨን ሽዋርትዝ ደርሶታል፤ ተውኔቱን ዊኒ ሆልዝማን ከግሪጎሪ ማጓየር ልቦለድ ተነሥታ ጽፋዋለች። መጋረጃው ሲገለጥ የኦዝ ሕዝብ «ለክፉ የሚያለቅስ የለም» በሚለው የመክፈቻ መዝሙር የጠንቋይዋን የኤልፋባን ሞት ያከብራል። በአረፋ ውስጥ ሆና ከላይ የምትወርደው ግሊንዳ ጭፈራውን ትመራለች። እርስዋ የሟችዋ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ተመልካቹ ግን ይህን ገና አያውቅም።

የመዝሙሩ ኃይል፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ይመነጫል። ሙሾ በሚወርድበት ለቅሶ አልቃሽዋ ትሰጣለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላል፤ ኀዘኑም በብዙ ትከሻ ላይ ይከፋፈላል። እዚህ ግን ኀዘንተኛዋ ራስዋ በጓደኛዋ ሞት ለሚፈነድቅ ሕዝብ አውጪ ሆናለች። ድምፅዋ ከኅብረ ዝማሬው በላይ እጅግ ከፍ ሲል ሕዝቡ እልልታ ይመስለዋል፤ ታሪኩን ያወቀ ጆሮ ግን ዋይታ ይሰማበታል። ሰሙ ደስታ፣ ወርቁ ኀዘን ነው።

ክፋት ከየት እንደሚመጣ ስትጠየቅ የኤልፋባን ልደት ትተርካለች፤ አረንጓዴ ሆና ስለተወለደችና አባት የተባለው ገና በመጀመሪያው ቀን ስለገፋት ሕፃን። ይህ ጥብቅና ነው። ሕዝቡ ግን ለጥላቻው ተጨማሪ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። (ስለ እናቲቱ ምስጢራዊ ወዳጅና ስለ አረንጓዴው መጠጥ የሚነገረው ክፍል ጆሮን ከኀዘኑ ወደ እንቆቅልሹ ስለሚጎትት፣ ተውኔት ጸሐፊ እንደመሆኔ ባጥር የሚል ስሜት አድሮብኛል።)

በመጨረሻ ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ ጓደኛዋ ነበርሽ የሚባለው እውነት መሆኑን ይጠይቃታል። ግሊንዳ ትደናገጣለች። ካደች ማለት ያስቸግራል፤ አመነች ማለትም እንዲሁ። በትምህርት ቤት ታውቃት እንደነበር ብቻ ትናገራለች፤ ታሪኩም ከዚህች ቀዝቃዛ መልስ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጆን ቹ ፊልም ችቦ አስይዟት የጠንቋይዋን ግዙፍ ምስል በገዛ እጅዋ ታቃጥላለች። ምስሉ ብርቱ ነው። ቢሆንም ካሜራው የግሊንዳን ፊት አቅርቦ ሲያሳየን ኀዘኑን ፈልጎ የማግኘቱን ሥራ ይቀንስልናል፤ መድረኩ ያንን ለጆሯችን ትቶት ነበር።

ያው መዝሙር በተውኔቱ ፍጻሜ ይመለሳል። ሕዝቡ እንደ ቀድሞው ይዘምራል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሕዝቡ ድምፅ ጋር የሁለቱ ጓደኞች የስንብት ዜማ አብሮ ይሰማል።