የተጠገነ ሰደፍ፦ ስለ አሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃዎች አሰባሰብና ጥናት

በኅዳር 2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በኔቫዳ ግዛት፣ በግሬት ቤዚን ብሔራዊ ፓርክ ቅርስ ሲያስሱ የነበሩ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከአንድ ጥድ ጋር ተደግፎ የቆመ ጠመንጃ አዩ። ሰደፉ ፀሐይና በረዶ ሲፈራረቁበት ሸብቶና ተሰነጣጥቆ ከጥዱ ግንድ አይለይም ነበር። የታችኛው ጫፉ አፈር ለብሷል፤ ብረቱ ዝጓል። ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ የ1873 ሞዴል ዊንቸስተር መሆኑ ተለየ። መለያ ቁጥሩ በዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ በሚገኘው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ካለው የፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲመሳከር በ1882 የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ለማን እንደተሸጠ ግን መዝገቡ አይናገርም።

በኋላ ኮዲ ውስጥ በራጅ ሲታይ ሰደፉ ውስጥ ካለች ጉድጓድ አንዲት ጥይት ተገኘች። ጥይቷ ከ1887 እስከ 1911 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራች ናት። ስለዚህ ባለቤቱ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከ1887 ወዲህም ይዞት ይዞር ነበር ማለት ነው። ከዚህ ሞዴል 720,000 ያህል ተሠርቷል፤ በ1873 ዋጋው 50 ዶላር ነበር፣ በ1882 ወደ 25 ዶላር ወርዷል። ከብት ጠባቂውም፣ ማዕድን ፈላጊውም፣ ገበሬውም ሊገዛው ይችል የነበረ ተራ መሣሪያ ነው። እንጨቱ በሸበተበትና በተሰነጠቀበት መልኩ እንዳለ ተጠብቆ እንዲቆይ ተደረገ እንጂ አልታደሰም።

በእኔ እምነት የአሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃዎች ጥናት ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው። የአሰባሰቡ ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ያካበተው እውቀት ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል፤ ያለዚያ እውቀት ከጥዱ ሥር የተገኘውን ብረት ስሙን እንኳ መጥራት ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን ይኸው ዓለም ዕቃን የሚመዝንበት ሚዛን፣ ማለትም «ከፋብሪካው እንደወጣ» የሚለው መለኪያ፣ መሣሪያው በሰው እጅ የኖረበትን ዘመን እንደ ጉድለት ይቆጥራል። የሰው እጅ ያረፈበት ሁሉ ዋጋ ይቀንሳል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ንባቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን በቅርብ የማየት ልማድ ምን እንዳስገኘ ልግለጽ። ኢላይ ዊትኒ በ1798 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 10,000 ጠመንጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርቶ ለማስረከብ ተዋዋለ። በ1801 መጀመሪያ ላይ ሥልጣን ሊለቅቁ በነበሩት በፕሬዚዳንት አዳምስና ሊተኳቸው በነበሩት በጄፈርሰን ፊት የጠመንጃ መተኮሻ ክፍሎችን አቅርቦ፣ አንዱ ክፍል የሌላውን ቦታ ተክቶ እንደሚገጥም አሳየ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሁሉ «ተተኪ ክፍሎችን የፈጠረ» እያሉ ሲያወድሱት ኖሩ። ጠመንጃዎቹ ተሠርተው ያለቁት ግን በ1809 ነው። በ1960 የታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ውድበሪ የዊትኒን ዝና አፈ ታሪክ ሲል ጽሑፍ አወጣ። በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይሠራ የነበረው ኤድዊን ባቲሰን ደግሞ ከዊትኒ ፋብሪካ የወጡ ጠመንጃዎችን ፈታትቶ የአንዱን ክፍል ከሌላው ሊገጥም ሞከረ። አልገጠሙም። እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ ጠመንጃ ብቻ በሞረድ ተስተካክሎ የተሠራ ነበር። ያ የ1801 ማሳያ ተዘጋጅቶ የቀረበ ትርዒት እንደነበር ዛሬ የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ይስማማሉ።

ውል፣ ደብዳቤ፣ የመንግሥት ሪፖርት፣ ሁሉም የዊትኒን ቃል ሲደግሙ ኖረዋል፤ ሐሰቱን በብረቱ ላይ ያረጋገጠው ጠመንጃ መፍቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። አሮጌ መሣሪያን እያገላበጡ ማየትን እንደ ተራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚቆጥር የታሪክ ምሁር ካለ ይህን ምሳሌ ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል።

ክፍሎችን በእርግጥ ተተኪ ያደረገው ጆን ሆል ነበር፤ በሃርፐርስ ፌሪ የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ በ1820ዎቹ ባደራጀው ሥራ። የታሪክ ጸሐፊው ሜሪት ሮ ስሚዝ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ለውጥ ለሠራተኛው ምን ማለት እንደነበር ተርኳል። የእጅ ጥበብ ኩራት የነበራቸው ጠመንጃ ሠሪዎች የማሽንን ሥርዓት፣ የሰዓት ቁጥጥርንና የአዲስ አለቃን ትእዛዝ በብርቱ ተቃወሙ፤ በ1830 ከሥራ የተባረረ አንድ ሠራተኛ የፋብሪካውን የበላይ አስተዳዳሪ ቢሮው ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ሮበርት ጎርደን ደግሞ በ1988 ባወጣው ጥናት በስፕሪንግፊልድና በሌሎች ፋብሪካዎች በተሠሩ የጠመንጃ ክፍሎች ላይ የቀሩትን የመሣሪያ ጭረቶች መረመረ። ማሽን ሠራው የተባለው ብረት ላይ የሞረድ ጥርስ አሻራ ሞልቶ አገኘ። ማሽኑ ቅርጹን ያወጣል፤ የመጨረሻዋን የፀጉር ያህል ልክ የሚሰጠው ግን መለኪያ ይዞ የሚሞርድ ሰው ነበር። እንዲያውም የሠራተኛው የእጅ ጥበብ እያደር ረቀቀ እንጂ አልጠፋም። እኔ ይህን ጥናት ባነበብሁ ቁጥር የሚደንቀኝ፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሰዎች እጅ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአንዲት ብረት ላይ መታወቁ ነው።

ወረቀት ብቻውን የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ሌላ መራር ምሳሌም አለ። በ2000 የታተመው የማይክል ቤለሲልስ መጽሐፍ የቀድሞዎቹ አሜሪካውያን ጠመንጃ እምብዛም አልነበራቸውም ሲል በውርስ መዝገቦች ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ተከራከረ፤ ከፍተኛ የታሪክ ሽልማትም አገኘ። ቆጠራው ሲመረመር አልቆም አለ፤ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያሉ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ስሕተቱን አወጡት፤ በ2002 ሽልማቱ ተነጠቀ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 በሰጠው ውሳኔ የመሣሪያ ሕጎች ከአገሪቱ የታሪክ ልማድ ጋር መስማማት አለባቸው ካለ ወዲህ ደግሞ ይህ ታሪክ የችሎት ማስረጃ ሆኗል፤ የስሕተት ዋጋው ከበፊቱ ይልቅ ከብዷል።

አሁን ወደ አሰባሰቡ ደካማ ጎን ልመለስ። በ1968 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ» የሚለውን ቃል በ1898 ወይም ከዚያ በፊት ለተሠራ መሣሪያ ሰጠ። ይህ የሕግ አውጪ መስመር ነው፤ በብረቱ ላይ ምንም ምልክት የለውም። በ1898 መጨረሻና በ1899 መጀመሪያ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሠራተኛ እጅ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች ዛሬ አንዱ ጥንታዊ ሌላው ዘመናዊ ተብለው በተለያየ ሕግ ይሸጣሉ። መለያ ቁጥርን ከዓመት ጋር ማመሳከር ይህን ያህል የረቀቀ ጥናት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ገበያ ለእውቀት ገፋፊ መሆኑን አልክድም። ግን ገበያ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ መቼ ተሠራ? ቀለሙ ስንት በመቶ ቀርቷል? የተቀየረ ክፍል አለው?

የዚህ ሚዛን ጫፍ በ2018 ታይቷል። ሽጉጥ ሠሪው ኮልት በ1847 ያወጣው «ዎከር» የተባለው ከባድ ሽጉጥ በጠቅላላው 1,100 ያህል ብቻ ነበር። ከነዚህ አንዱ፣ አንድ የዴንማርክ የመርከብ አዛዥ በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ገዝቶት ከነሣጥኑ ተጠብቆ የኖረው፣ በጨረታ 1,840,000 ዶላር አወጣ። የጦር ሜዳ ያልዋለው፣ ጭቃ ያልነካው፣ በሣጥን ያረጀው። ወንድሞቹ ቴክሳስና ሜክሲኮ ላይ በፈረስ ኮርቻ ተንጠልጥለው ዘመቻ ከረሙ፤ ብዙዎቹም በባሩዱ ብዛት ፈነዱ። የታሪክ ሸክም የተሸከሙት እነሱ ሆነው ሳለ ገበያው የሚያከብረው ሸክም ያላየውን ነው።

ሁሉም ሰብሳቢ እንዲህ አይደለም። ሰደፋቸው በናስ ምስማር ያጌጠ፣ ስብራታቸው በእርጥብ ቆዳ ተጠቅልሎ የተሰፋ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጠመንጃዎችን የሚፈልጉ አሉ። ቆዳው ሲደርቅ ጭምቅ አድርጎ ስለሚይዝ የተሰበረ ሰደፍ እንደ ብረት ይጠነክራል። ጥገናው ዋጋ ያለው መሆኑ ሲታወቅ ግን አስመሳዮች ተነሡ፤ ትናንት የተመታ ምስማር ያለበት ተራ ጠመንጃ የተዋጊ መሣሪያ ነው እየተባለ ተሸጠ። «ብረቱን ግዛ፣ ወሬውን አትግዛ» የሚለው የሰብሳቢዎች ምክር ከዚህ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ለገዢ ጥሩ ምክር ነው። ለተመራማሪ ግን አይበቃም፤ ወሬውም ሊመረመር የሚችል ነገር ነውና።

ይህን የሊትል ቢግሆርን ቁፋሮ በደንብ አሳይቷል። በሰኔ 1876 ሞንታና ውስጥ የላኮታና የቼየን ተዋጊዎች የሌተና ኮሎኔል ከስተርን ጦር ደመሰሱ። የፈረሰኛው ጦር የያዘው አንድ ጎራሽ የስፕሪንግፊልድ ካርባይን ነበር። ተዋጊዎቹ የነገሩት የውጊያው ታሪክ ለመቶ ዓመት እንደ ወሬ ተቆጠረ። በ1983 እሳት የሜዳውን ሣር ሲያጋየው በሚቀጥለው ዓመት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹ ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ በብረት መፈለጊያ ሜዳውን እየሰነጠቁ ዘለቁ። ያገኟቸው ቀለሆች ላይ የመምቻው መርፌ የተወው ጠባሳ ልክ እንደ ጣት አሻራ ስለሆነ፣ የአንዱን ጠመንጃ ቀለህ ከሌላው ለይተው፣ ተኳሹ ከየት ወዴት እንደሄደ መከተል ቻሉ። ነባር ሕዝቦቹ ደጋግመው የሚተኩሱትን ሄንሪና ዊንቸስተር ጨምሮ ከ40 በላይ ዓይነት መሣሪያ እንደነበራቸው ታወቀ። ጦሩ እስከ መጨረሻው ተሰልፎ ቆሞ ሳይሆን መስመሩ ፈርሶ እንዳለቀ የተዋጊዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ሲናገሩት የኖሩት ቃል ከብረቱ ጋር ተስማማ። ለዚህ ሥራ የሰብሳቢው የሞዴልና የቀለህ እውቀት፣ የወንጀል መርማሪው ዘዴና ኋላ የተሸነፈው ሕዝብ ትውስታ አንድ ላይ አስፈለጉ። በዚህ ዘርፍ ከተሠራው ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው።

ከዚያ ውጊያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1876፣ የኢትዮጵያና የግብፅ ጦር በተጋጠሙበት በጉራ ሌሎች የአሜሪካ ጠመንጃዎች እጅ ቀይረዋል። የግብፅ ጦር የታጠቀው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢሊየን በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራውን ረሚንግተን ነበር። ከጦሩ ጋርም የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መኮንኖች ነበሩ፤ በዘመቻው የተካፈለው ጄኔራል ሎሪንግ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ እጁን ያጣ፣ ኋላም በደቡቡ ወገን የተዋጋ ሰው ነው። የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ቀደም ካለው ከጉንደት ውጊያ ጀምሮ የማረከው ረሚንግተን የአገር ሀብት ሆነ። አማርኛችን ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር እያለ የውጭ ጠመንጃን ስም በአፉ ልክ አርቆ ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ እንዳስገባ ሁሉ፣ እጃችንም ብረቱንና እንጨቱን የራሱ አደረገው። ሰደፍ ሲሰበር በእርጥብ ቆዳ ተጠቅልሎ ይሰፋ ነበር፤ ልክ እንደ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጠመንጃ።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ተሽጠዋል። ከነዚህ መካከል ረሚንግተንም ይገኛል። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ተሠራበት አገር የተመለሰ ጠመንጃ በሰብሳቢው መለኪያ ሁሉ ይወድቃል፦ ቀለም የለውም፣ ክፍሉ ተቀያይሯል፣ እንጨቱ ተጠግኗል። ገዢው ቆዳውን በቢላ ቀዶ አውልቆ፣ ዝገቱን አሽቶ፣ አዲስ ሰደፍ ቢገጥምለት ዋጋው ከፍ ይል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግን ኢሊየን የሚያውቀው ጠመንጃ ነው፤ የኢሊየን ታሪክ ደግሞ በመጽሐፍ ሞልቷል። ያልተጻፈው በስፌቱ ላይ ያለው ነው፦ የቆዳው ዓይነት፣ የጠፍሩ አጠላለፍ፣ ከእንጨቱ ሥር የገባው የአገር ቤት ምስማር፣ በዓረብኛው የግብፅ ጽሑፍ አጠገብ ሌላ እጅ የጫረው ምልክት። ይህን የሚያነብ ተማሪ የጠመንጃ ሞዴልም፣ አማርኛና ትግርኛም፣ የቆዳ ሥራም ማወቅ ይኖርበታል። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው፤ ቢላው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱን ጠመንጃ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ስፌቱን ለክቶ መመዝገብ።