ከካሜራው ጀርባ ያሉት ኔፓላውያን

እ.ኤ.አ. 2017 ለኔፓል ቴሌቪዥን ልዩ ዓመት ነበር። ከብሪታንያው «ፖፕ አይዶል» የተወለደው የድምፃውያን ውድድር «ኔፓል አይዶል» ተብሎ በኤፒ ዋን ቴሌቪዥን ቀረበ። በዓመቱ «ዘ ቮይስ ኦፍ ኔፓል» ተከተለ።

ቅርጹ ከውጭ የመጣ ነው። ነፍስ የዘሩበት ግን የአገሩ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲውሰሮች ናቸው፤ ሥራቸውም ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። «ዘ ቮይስ»ን እንውሰድ። በመጀመሪያው ዙር አሠልጣኞቹ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው በጆሯቸው ብቻ ይመዝናሉ። ዳይሬክተሩ የዘፋኙን ፊት፣ ወንበሩን ወደሚያዞረው ቁልፍ የሚጠጋውን የአሠልጣኝ እጅና ከመድረክ ጀርባ በጭንቀት የሚጠብቀውን ቤተሰብ በአንዴ መከታተል አለበት። ወንበሩ የሚዞርባት ቅጽበት አትደገምም፤ ካሜራው ካመለጠችው አበቃ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመጀመሪያው «ኔፓል አይዶል» ፍጻሜ የተካሄደበት ቦታ ነው። አዘጋጆቹ ካትማንዱን ትተው በሴፕቴምበር 2017 መድረኩን የኳታር ዋና ከተማ ዶሃ ላይ ዘረጉት። ኳታር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኔፓላውያን በግንባታና በሌሎች ከባድ ሥራዎች ላብ የሚያፈሱባት አገር ናት። ከአገራቸው ርቀው ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩ ሠራተኞች ለአንድ ምሽት የዝግጅቱ ባለቤት ሆኑ። የፖክራው ልጅ ቡድሃ ላማ ኒሻን ባታራይንና ፕራታፕ ዳስን ቀድሞ ያሸነፈው እዚያው ነው።

የአሸናፊውን ስም ኔፓል ሁሉ ያውቀዋል። ዶሃን የመረጡት ሰዎችም የዚያኑ ያህል ምስጋና ይገባቸዋል።