ከጨንቻ ዳገት የተመለሰች ሞተር

ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ወጣቱ ባለቤቷ ከአርባ ምንጭ ሰው አሳፍሮ ወደ ጨንቻ ሲወጣ፣ ዶርዜ ሳይደርስ ዳገቱ መሀል ጉልበት ከዳችው። ጋዝ ሲሰጣት ድምፅዋ ተራራውን ያናውጣል፤ ጎማዋ ግን ከእግረኛ አይቀድምም። ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቆ አወረደና በቁልቁለቱ ተንከባለለ፤ ሲቀላ ያለው ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ በአቧራና በንዴት ጠቁሯል። መንገድ ላይ ያማከራቸው ሁሉ አንድ ነገር ነው የነገሩት፦ ፍሪሲዮኑን በልታዋለች፤ ይለወጥ።

መካኒኩ ቁልፍ አላነሣም። በርከክ ብሎ የዘይቱን መለኪያ አወጣ፣ በሁለት ጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው፣ አሸተተው።

«ዘይት መቼ ቀየርክ?»

«ከትናንት ወዲያ ነው፣ ጋሼ። ያውም ምርጡን!»

ልጁ ዋሽቶ አይደለም። የእህቱ ባል አዲስ መኪና ገዝቷል፤ ለመኪናው ከተገዛው ውድ ዘይት የተረፈውን ለአማቹ ሰጥቶታል። ጋሎኑ አሁንም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ታስሯል። መካኒኩ ፈትቶ ተቀበለው። ፊት ለፊቱን፣ የሚያብረቀርቀውን ሥዕል፣ ገልመጥም አላደረገው፤ ገልብጦ የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። 5 ደብልዩ 30 ይላል። ዝቅ ብሎ አንድ ክብ ምልክት አለ፤ ከክቡ ግርጌ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» የሚል ጽሑፍ ታትሟል፤ ነዳጅ ቆጣቢ እንደ ማለት ነው።

«ዘይቱስ ምርጥ ነው» አለ መካኒኩ። «ለዚች አይሆንም እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኪና ውስጥ የሞተሩ ዘይት የሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በሁለቱ መሀል ደረቁን ይሠራል። በአብዛኛው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ግን ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ የሚጠጡትም ከአንድ ጽዋ ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ጽዋው ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ይህች አንድ ሊትር በደቂቃ 7,000 እና 8,000 ዙር ሊሽከረከር የሚችለውን ሞተር ታለሰልሳለች፤ የማርሾቹን ጥርስ ከመፋጨት ታድናለች፤ ደረብ ደረብ ብለው የተደረደሩት የፍሪሲዮን ዲስኮችም በእርሷ ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ። ፒስተንና ማርሽ ዘይቱ እንዲያንሸራትታቸው ይፈልጋሉ። ፍሪሲዮን ደግሞ እንዲያንሸራትተው አይፈልግም፤ መያዝ አለበት። የሞተር ሳይክል ዘይት ምርጫ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ አንድ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ማንሸራተትም መያዝም ይጠበቅበታል።

የመኪና ፋብሪካዎች የነዳጅ ፍጆታን ለመቀነስ ሲሉ ዘይቱ ቀጠን እንዲል፣ ብረት ከብረት ሲገናኝም ይበልጥ እንዲያንሸራትት የሚያደርጉ ቅመሞችን እንዲይዝ አደረጉ፤ ከቅመሞቹ መካከል ሞሊብዲነም ያለባቸው ይገኛሉ። ለመኪናው ደግ ነው። ያው ዘይት ሞተር ሳይክል ውስጥ ሲገባ ግን ቅመሙ ወደ ፍሪሲዮኑም ይደርሳል። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ሱዙኪና ካዋሳኪ የተወለዱባት ጃፓን በ1998 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለሞተር ሳይክል ዘይት የተለየ ደረጃ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ደረጃው «ጃሶ ቲ 903» ይባላል። በቤተ ሙከራ የፍሪሲዮን ዲስኮች በዘይቱ ተነክረው ይሽከረከራሉ፣ እንዲቆሙ ይደረጋሉ፣ ምን ያህል እንደሚይዙ ይለካል። የያዘው «ኤም ኤ»፣ ያንሸራተተው «ኤም ቢ» ይባላል። ኤም ቢ ፍሪሲዮናቸው ከሞተሩ ዘይት ውጭ ለሆነ ስኩተሮች የሚሆን ነው። በ2006 ኤም ኤ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ አጥብቆ የሚይዘው «ኤም ኤ 2» ሆነ።

መካኒኩ ዘይት ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈልገው «ኤም ኤ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ነው። ከዋጋው በፊት፣ ከስሙ በፊት፣ «ሙሉ ሲንተቲክ» ከሚለው ወርቃማ ጽሑፍም በፊት። ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅም ፍሪሲዮኗ ዘይት ውስጥ ስለሆነ ሕጉ ለእርሷም ያው ነው።

ይህ ማለት የመኪና ዘይት ሁሉ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሞተረኞች ለከባድ ናፍጣ መኪና የተሠራውን የሼል ሮቴላ ዘይት በሞተር ሳይክላቸው ይጠቀማሉ፤ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የጃሶ ኤም ኤ መስፈርት እንደሚያሟላ ጽሑፉ ላይ ስለሠፈረ ነው። የሚወስነው የዕቃው ጀርባ ነው። ጀርባ የሌለው ዘይትስ? ከበርሚል ተቀድቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ስንቱ ሞተረኛ ሳይጠይቅ ይገዛዋል። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥሩ መሆኑን የሚያውቅ ከሻጩ በቀር የለም፤ እርሱም ቢሆን ካወቀ ነው። መካኒኩ በበኩሉ ባዶውን ዕቃ ሳይበሳ ከጋራዡ አያስወጣም፤ እውነተኛ ጣሳ ውስጥ ሌላ ነገር ሞልቶ የሚሸጥ አይጠፋምና።

ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል፤ ጋራዥ ውስጥ «ሃያ ሃምሳ» ወይም «አሥር ሠላሳ» እየተባለ የሚጠራው። ብዙ ሰው ቁጥሩ የጥራት ማዕረግ ይመስለዋል፤ ሃምሳው ከሠላሳው የሚበልጥ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስ ኤ ኢ፣ በ1911 የጀመረው አመዳደብ ነው። ከደብልዩ በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ ከደብልዩ በኋላ ያለው ደግሞ ሲግል ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያሳያል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ የ30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5፣ የ50 ዘይት ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር በኢትዮጵያ ብዙም አያስጨንቅም። የ20 ደብልዩ ዘይት የብርድ ፈተና የሚሰጠው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት እንኳ እንዲህ አይጨክንም። በዚህ አገር «ዜሮ ደብልዩ» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው ለማያገኘው ብርድ ካፖርት ገዝቷል።

ሁለተኛው ቁጥር ግን ሥራ አለው፤ በተለይ በጨንቻ መንገድ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት፤ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ላይ። ርቀታቸው 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሞተሯ ከታች በሙቀት ተነሥታ፣ ሁለት ሰው ተሸክማ፣ በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸች ትወጣለች። የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ነገር ግን በዝግታ ስትወጣ ነፋስ የለም፤ ያለውም አየር፣ ዳገቱ አናት ስትደርስ፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ብርድ ነው ተብሎ የሚታሰበው ቦታ ላይ ዘይቱ በጣም ይግላል። አንዳንድ በነፋስ የሚቀዘቅዙ የህንድ ሞተሮች 20 ደብልዩ 50 የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም።

የአየሩ መሳሳት ሌላም ጉድ ያመጣል። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልነደደው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ፣ በፋሻዎቹ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። የመለኪያው ዘይት ጨምሮ ሲገኝ ባለቤቱ ይደሰታል፣ «ዘይት አትበላም» ይላል። መካኒኩ የሚያሸተው ለዚህ ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይት ትናንት የተቀየረም ቢሆን ዛሬ ይደፋል። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶታል። መጥቆሩ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፤ ቆሻሻውን ከብረቱ ላይ እየነጠቀ መያዙ ነው፤ ሥራው ነውና።

ወፍራም ሁሉ መልካም ነው የሚለው እምነት በጋራዦች ሥር ሰድዷል። ሆንዳ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮቹ 10 ደብልዩ 30 ያዝዛል፤ የውስጥ ክፍተታቸው ጠባብ ነው፣ የዘይት ቧንቧቸው ቀጭን ነው። እዚያ ውስጥ ሃምሳ መጨመር ሞተሩን ማክበድ፣ ቤንዚን ማባከን ነው፤ ጠዋት ሲነሣም ዘይቱ ወደ ላይ ወደ ቫልቮቹ ለመድረስ ይዘገያል። የባለቤቱ መጽሐፍ ከጎረቤት ምክር ይበልጣል፤ መጽሐፉ ከጠፋም ብዙ ጊዜ የዘይት መሙያው አጠገብ ተጽፎ ይገኛል።

ደግሞ ሃያ ሃምሳ ሆኖ የገባ ዘይት ሃያ ሃምሳ ሆኖ አይወጣም። ሲግል እንዳይቀጥን የሚያደርጉት ረጃጅም የፖሊመር ክሮች ናቸው፤ የካምቢዮው ጥርሶች እነዚህን ክሮች እንደ መቀስ ይቆራርጧቸዋል። መኪና ውስጥ ይህ መከራ የለም። ሞተረኛው ይህን የሚያውቀው በእግሩ ነው፤ ማርሹ ይደርቃል፣ ዜሮ ማግኘት ያስቸግራል። በዘይት ዋጋ ላይ ለመከራከር ጊዜ ያለው ሰው በዘይት መቀየሪያ ቀን ላይ ቢከራከር ይሻለዋል፤ ተራ ዘይት ኤም ኤ 2 እስከሆነ በጊዜው ቢቀየር፣ ውድ ዘይት ሁለት ዙር ከሚቆይ ይበልጣል።

ባለ ሁለት ምቶቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች በየገጠሩ የነዷት ያማሃ ኤጂ 100 ዘይት የምታቃጥለው ከቤንዚን ጋር ነው፤ ያማሃ በ1964 ያስተዋወቀው «አውቶሉብ» ፓምፕ ከራሱ ማጠራቀሚያ እየመጠነ ይሰጣታል። ካምቢዮዋ ደግሞ ለብቻው ዘይት አለው። ስለዚህ ሁለት ዘይት፣ ሁለት አፍ። የአራት ምት ዘይት በማጠራቀሚያዋ ሲገባ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላውን ይደፍናል። ባለ ሁለት ምት ጣሳ ላይ የሚፈለገው «ኤፍ ሲ» ወይም «ኤፍ ዲ» ነው።

የጥንቶቹ ተወዳዳሪዎች ምርጫ ደግሞ ከጓሮ የማይርቅ ነበር፦ ጉሎ። እናቶች ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ የጋለ ብረት ላይ ሙጥኝ ብሎ ስለሚቀር የመጀመሪያዎቹ የአውሮፕላንና የውድድር ሞተሮች ይለሰልሱበት ነበር። ካስትሮል ስሙን ያገኘው ከጉሎው የእንግሊዝኛ ስም ነው። ጉሎ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጋገራልና ለዕለት ሥራ ቀረ።

ወደ ሲቀላው ጋራዥ ስንመለስ፣ መካኒኩ ያን ውድ ዘይት ሞተሯ እንደሞቀች አፈሰሰው፤ ሲሞቅ ጠቅልሎ ይወጣል። ፊልትሮውን አጠበ። ርካሽ 20 ደብልዩ 50፣ ኤም ኤ 2፣ ሞላ። ሁለት ሦስት ቀን ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳትጭን፣ እንድትነዳ አዘዘ፤ ያኔም ካንሸራተተች ዘይቱን እንደገና ቀይሮ፣ ዲስኮቹን አውጥቶ ያያቸዋል። ገጻቸው ካልተቃጠለ ይድናሉ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፎ ከኮርቻው ሥር ለጠፈ።

ልጁ የተረፈውን ጋሎን አንሥቶ ዙሪያውን ያየዋል። «ይኼንንስ ምን ላድርገው?»

«ለአማችህ መልስለት» አለ መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ለመኪናው አሪፍ ዘይት ነው።»