የዳርትሙር የድንጋይ ካቦችና የዕቅድ ጥያቄ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን በሚባለው አውራጃ፣ ዳርትሙር የተባለ ነፋሻና ረግረጋማ ደጋ አለ። በዚያ ስለሚገኙት የነሐስ ዘመን የድንጋይ አጥሮችና መንደሮች ብዙ ተጽፏል። እኛ እዚህ የምንመረምረው ግን አንድሩ ፍሌሚንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዘ ዳርትሙር ሪቭስ» የተባለውን መጽሐፍ ነው።

ቀድሞ የጎብኚውንም የተመራማሪውንም ዐይን ይስብ የነበረው ግሪምስፓውንድ ነው። ይኸውም ወፍራም ካብ የከበበው፣ 24 የክብ ቤቶች ፍራሽ ያለበት ጥንታዊ መንደር ነው። አንዳንዶች የድሩይዶች መቅደስ፣ ሌሎች ምሽግ ብለውታል። ምሽግ ነው እንዳይባል ሁለት ኮረብታዎች ግራና ቀኝ ቁልቁል ያዩታል፤ ፓውንድ የሚለው የስሙ ክፍል ራሱ የከብት በረት ማለት ነው። በ1894 ዓ.ም. የቆፈሩት ሰዎች ካቡን በከፊል መልሰው ስለ ካቡት፣ ጥንታዊውን ከአዲሱ መለየት ያስቸግራል፤ በዚህም ኋላ ተወቅሰዋል።

የፍሌሚንግ ትልቁ ውለታ ዐይናችንን ከቤቶቹ ወደ ሜዳው መመለሳቸው ነው። በእንግሊዝኛ ሪቭ የሚባሉት ዝቅተኛ ካቦች ጎን ለጎን ተሰልፈው ደጋውን ይከፋፍሉታል፤ ዘመናቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት የሁለተኛው ሺህ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። በዳርትሚት አካባቢ መስመሮቹ ወደ ዳርት ወንዝ ገደል ወርደው ከማዶ በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላሉ። ለራሱ ብቻ የሚያጥር ገበሬ የመሬቱን አቀማመጥ ይከተል ነበር፤ ስለዚህ፣ ይላሉ ደራሲው፣ በጋራ የመከረ ሰፊ ማኅበረ ሰብ ነበረ። አንድ ገዥ አለቃ ነበረ እንዳላሉ ልብ ይሏል፤ አንዳንድ አንባቢ ይህን ሳያስተውል ይነቅፋቸዋል።

ሮበርት ጆንስተን በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሥርዓት ያለው ነገር ሁሉ ዕቅድ ነበረው ማለት አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ አራሽ ሁለተኛውን ትልም የሚያወጣው የመጀመሪያውን አይቶ ነው እንጂ ካርታ ዘርግቶ አይደለም። ደግሞም ፍሌሚንግ ራሳቸው በሆልን ሙር ባደረጉት ቁፋሮ ከድንጋዩ ካብ በፊት የእንጨት አጥር እንደ ነበረ አግኝተዋል። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ድንጋይ የነገሩ መጀመሪያ ሳይሆን የኋላው ምዕራፍ ነው። ካርታ ግን የብዙ ትውልድ ሥራን በአንድ ቀን የተሠራ ያስመስላል።

ይሁን እንጂ የጆንስተን ክርክር ገደሉን የሚሻገረውን መስመር በበቂ ሁኔታ የሚያስረዳ አይመስለንም። ጎረቤት ጎረቤቱን ተከትሎ ያጥራል፤ ማዶ ለማዶ ያሉ ሰዎች ግን ሳይነጋገሩ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ ማለት ይከብዳል። በበኩላችን አቅጣጫው በምክር የተወሰነ፣ መሀሉ ግን በየዘመኑ እንደ አስፈላጊነቱ የተሞላ ነው ብንል ከማስረጃው የምንርቅ አይመስለንም። ይህን ለመፈተን ከየካቡ ሥር የተቀበረውን ዐፈርና ከሰል መርምሮ የካቦቹን ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል።

የዳርትሙር ዐፈር ኮምጣጣ ስለ ሆነ አጥንት አያስቀርም። ስለዚህ በ1970ዎቹ ሾው ሙር ላይ በተደረገው ቁፋሮ፣ ከአንድ ካብ አጠገብ ባለ ቦይ ውስጥ የከብት፣ የበግና የፈረስ የኮቴ ዱካ ታትሞ መገኘቱ ታላቅ ነገር ነው። በደጋው ማን ምን ያረባ እንደ ነበር፣ ከብቱም በየትኛው የካቡ ወገን ይነዳ እንደ ነበር ለሚጠይቅ ሰው ከመስመሩ ቀጥታ ይልቅ ይህ ዱካ ይበልጥ ይናገራል።