ያለፈው ልጅ ሕመምና የሚመጣው ልጅ፤ ስለ ቢ ምድብ ስትሬፕቶኮከስ መመሪያ አጭር ሒስ

የእንግሊዝ አገር የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ቢ ምድብ ስትሬፕቶኮከስ ስለሚባለው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ ሲነበብ፣ አንዱ ክፍል ከሌላው ይልቅ ያሳስባል። ይኸውም ያለፈው ልጅዋ በዚህ ባክቴሪያ ታሞባት ወይም ሞቶባት እንደገና ስላረገዘች እናት የሚናገረው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም እርሱኑ ነው።

ባክቴሪያው በብዙ ጤነኞች ሴቶች አንጀትና ብልት ውስጥ አንዳች ሕመም ሳያደርስ ይኖራል። የንጽሕና ጉድለት ያመጣው አይደለም፤ ይህን የምንለው እናቶች ያለ በደላቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለሚገኙ ነው። በምጥ ጊዜ ወደ ሕፃናት ሲተላለፍ ግን በጥቂቶቹ ላይ የደም መመረዝ፣ የሳምባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ያስነሣል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሚታመሙት አብዛኞቹ የሚታመሙት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው።

ለዚህች እናት መመሪያው የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ምርመራ ሳይጠበቅ፣ ምጥ ሲጀምራት ፔኒሲሊን በደም ሥር ይሰጣት ይላል። የአሜሪካ ሐኪሞችም በዚህ ይስማማሉ። ፍርዱ ትክክል ነው እንላለን። ምርመራ የተደረገበትን ቀን ብቻ ያሳያልና፣ ዛሬ የለም የተባለው በምጥ ቀን ሊገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለችው እናት ለሕፃኑ የምታወርሰው የመከላከያ ኃይል ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ነገር ግን «ምርመራ አያስፈልግሽም» የሚለው ቃል ያለ ማብራሪያ ሲነገራት፣ ልጅ የቀበረች ሴት ችላ የተባለች ይመስላታል።

አንዳንዶች «እስከ ምጥ ለምን እቆያለሁ? አሁኑኑ ክኒን ብውጥስ?» ይላሉ። ክኒኑ ለጊዜው ቢያጠፋው እንኳ ባክቴሪያው ከአንጀት ተመልሶ ይመጣል። (በሽንት ውስጥ ሕመም ካመጣ ያን ጊዜውኑ መታከሙ ሌላ ነገር ነው።) በምጥ የሚሰጠው መድኃኒት ከመውለድ ቢያንስ 4 ሰዓት አስቀድሞ ቢጀመር ይመረጣል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ምጥ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈጥናልና፣ «ገና ነሽ፣ ቤትሽ ቆዪ» የተባለች እናት የሐኪሙን ትእዛዝ በወረቀት እንደያዘች መንገድ ላይ ልትወልድ ትችላለች።

ትልቁ ተቃውሞአችን ግን ከዚህ ይልቃል። መመሪያው ነፍሰ ጡሮች ሁሉ እንዲመረመሩ አይመክርም፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው አደጋን የሚጠቁም ምክንያት ሲኖር ነው፤ ከነዚህም አንዱ ያለፈው ልጅ መታመሙ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕፃን ለሁለተኛው መመርመሪያ ሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ስለ ባክቴሪያው የሚያስረዳ ጽሑፍ ይሰጣት ካለ በኋላ፣ የእናቲቱ ጥያቄ ብቻውን ለምርመራ ምክንያት አይሆንም ይላል። አደጋውን ነግሮ ጥያቄውን መዝጋት ምን ዓይነት ማስረዳት ነው?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሁሉም በእርግዝና መጨረሻ ሳምንታት እንዲመረመሩ ተወስኖአል። እዚያ በ1990 ከ1000 ሕፃናት 1.8 ያህል የነበረው የመጀመሪያው ሳምንት ሕመም በ2015 ወደ 0.23 ወርዶአል። እውነቱን ለመናገር፣ የቅናሹ ትልቅ ክፍል የታየው ከ2002 በፊት፣ ሁለቱም ዘዴዎች በተፈቀዱበት ዘመን ነበር። የእንግሊዞችም ክርክር ቀላል አይደለም፤ ባክቴሪያውን ከሚሸከሙት እጅግ የሚበዙት ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉና፣ ብዙ ሺህ እናቶች ያለ ጥቅም ፔኒሲሊን ይወስዳሉ፤ ያለ ጊዜው የሚወለደው ሕፃንም ምርመራውን ይቀድመዋል። ይህ ሁሉ ለሁሉም አለመመርመርን ያስረዳ ይሆናል፤ የጠየቀችውን አንዲቱን መከልከልን ግን አያስረዳም።

ፔኒሲሊኑም ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ሕመም አያግድም። ስለዚህ እናቲቱ ከሐኪም ቤት ስትወጣ፣ ሕፃኑ ጡት እንቢ ካለ፣ ከዛለ፣ ካቃሰተ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ ፈጥና እንድትመለስ ሊነገራት ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕጉ በሙሉ የቆመው ያለፈው ሕመም ስም በመታወቁ ላይ መሆኑን እናስተውላለን። የሕፃኑ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ ካልተመረመረ «ትኩሳት ገደለው» ተብሎ ይቀበራል፤ አዋላጂቱም በሚቀጥለው ምጥ የምትይዘው ማስረጃ አይኖራትም። እንደዚያም ሲሆን «ያለፈው ልጅሽ በተወለደ በስንተኛው ቀን ታመመ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች።