ከግራና መዝገብ እስከ ኦስሎ አዳራሽ

ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የጤና ተቋማትን ወርኃዊ ሪፖርት የምታሰባስብበትን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተሰኘ ሶፍትዌር የሚያበለጽገው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ይታወቃል። አበልጻጊዎቹና ከልዩ ልዩ ሀገሮች የሚመጡ ተጠቃሚዎች በዚያው ከተማ በየዓመቱ ጉባኤ ያካሂዳሉ። የኮቪድ ወረርሽኝ በበረታባቸው በ2020 እና በ2021 ግን ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ተካሂዷል። ወደ እንዲህ ያለው ጉባኤ ተማሪ ለመላክ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን? በዚህ ጸሐፊ እምነት ተገቢ ነው። ሂሱ የሚያነጣጥረው ተጓዡ በሚመረጥበት መንገድና ሲመለስ በሚጠየቀው ነገር ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወልድያ ላይ በተደረገ አንድ ስብሰባ፣ ከውጭ ጉባኤ የተመለሰ ተማሪ ያየውን ሲያካፍል ተገኝቼ ነበር። የአዳራሹን ፎቶግራፎች አሳየን፤ የተሰጠውንም የምስክር ወረቀት እንዲሁ። በመጨረሻ ከግራና አካባቢ የመጣ የጤና መረጃ ቴክኒሻን እጁን አወጣ። «ወንድሜ፣ እንኳን በደኅና መጣህ። የመስከረም የወባ ቁጥራችን ዘንድሮም ከነሐሴው ዘለለ ተብለን ተጠይቀናል። ሶፍትዌሩ መስከረም ስንት ቀን እንዳለው ያውቃል ወይ? ብለህ ጠይቀህልን ነበር?» አለው። ተማሪው ምላሽ አልነበረውም። ከታዳሚው ጥቂቶች ሳቁ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወርኃዊ ሪፖርት አሠራራችን ወሩ የሚቆጠረው ካለፈው ወር 21ኛ ቀን እስከ ያዝነው ወር 20ኛ ቀን ነው። በመሆኑም የነሐሴ ሪፖርት 30 ቀን ሲሸፍን፣ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ግን ጳጉሜንን ስለሚጨምር 35 ቀን ይሆናል፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 36። አንድ ጤና ጣቢያ በቀን 6 የወባ ሕሙማን ያገኛል ብለን ብናስብ፣ በሽታው ቅንጣት ሳይጨምር ቁጥሩ ከ180 ወደ 210 ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ወባ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በእርግጥም የሚበረታበት ወቅት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በቆቦ ግራና ሸለቆ ለሚሠራ ባለሙያ እውነተኛው ጭማሪና የቀን መቁጠሪያው ጭማሪ በአንድ መስመር ላይ ተደባልቀው ይታዩታል። የሀገራችንን የዘመን አቆጣጠር ሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ የወሮቹን እኩል አለመሆን የተረዳ ግራፍ ማውጣት ሌላ። ይህን ለአበልጻጊው ማስረዳት የሚችለው መዝገቡን ገልጦ የቆጠረ ሰው ነው።

ተማሪውን መውቀስ አልሻም። የተመረጠው በውጤቱና በእንግሊዝኛ በጻፈው የጥናት አጽሕሮት ነበር። ጤና ጣቢያ ገብቶ ከመዝገቡ፣ ከቆጠራ ቅጹና ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ አውጥቶ ይመሳከሩ እንደሆነ እንዲመረምር ማንም አላዘዘውም፤ ይህ በየተቋሙ የታወቀ የመረጃ ጥራት መፈተኛ ሆኖ ሳለ። ጥያቄ አስይዞ የላከው አልነበረም፤ መልስ ይዞ እንዲመጣም የጠበቀው አልነበረም።

የሚገርመው የሶፍትዌሩ የራሱ ታሪክ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ሥራው የተጀመረው ኦስሎ ውስጥ አይደለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከአፓርታይድ መውደቅ በኋላ፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። የኖርዌይና የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ወደ ጤና ተቋማቱ ወርደው፣ ነርሶችና የወረዳ ኃላፊዎች ምን መቁጠር እንደሚያስፈልጋቸው አብረዋቸው በመወሰን ነው የጀመሩት። እኛ ዛሬ አዳራሹን እንጂ ያን አካሄድ አልወረስንም።

የገንዘቡም ነገር ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ በአካባቢው በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ኮምፒውተርም መዝገብም የጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። የመረጃ ሥርዓታችንን ሲደግፍ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን አቁሟል። አንድ የአውሮፕላን ትኬት የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ተማሪ ከወልድያ ወደ ሀብሩ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ለብዙ ወራት ሊያመላልሰው ይችላል። ሁለቱን ማድረግ ከተቻለ እሰየው። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ግን እኔ የአውቶቡሱን አስቀድማለሁ።

ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ፣ ድጋፍ ሰጪዎች አጽሕሮቱን ከመቀበላቸው በፊት አመልካቹ ቢያንስ አንድ የሪፖርት ወር ከጤና መረጃ ቴክኒሻን ጎን ተቀምጦ እንዲሠራ ያድርጉ። ችግሩንም ተቋሙ በሚነጋገርበት በአማርኛ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ቴክኒሻኑም አንብቦ ይፈርምበት። ሲመለስ የመጀመሪያ ገለጻውን የሚያቀርበው በዚያው ጤና ጣቢያ ይሁን። የቀረው የአበል ክፍያም ከዚያ በኋላ ይፈጸም። ከሁለት አመልካቾች አንዱ ራሱ ቴክኒሻን ሆኖ በማታው ወይም በርቀት ትምህርት የሚማር ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ደከም ቢልም እርሱ ይሂድ። አስተርጓሚ ማግኘት አይከብድም።

የግራናው ቴክኒሻን ያን ዕለት ከስብሰባው ሲወጣ አነጋግሬው ነበር። በራሱ ደብተር የመስከረምን ቁጥር በ35 አካፍሎ፣ የነሐሴውን በ30 አካፍሎ ጎን ለጎን ጽፎታል። የሦስት ዓመት ቁጥር ነበረው።